የልብ ድካም፦ የምታሸናዋ ክኒንና ዝምተኞቹ

እናቴ ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። እኛ ደግሞ ቴሌቪዥን እያየች እንቅልፍ የሚወስዳት ይመስለን ነበር። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ መጣ ተብሎ ጀሪካን ልሞላ ስነሳ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አየር ስትስብ አገኘኋት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ምንም አልሆንኩም፤ ስጋደም ያፍነኛል እንጂ ደህና ነኝ" አለችኝ።

ስጋደም ያፍነኛል። የዚህችን ቃል ትርጉም ያኔ ባውቅ ኖሮ በዚያው ሌሊት ይዣት እወጣ ነበር።

አላወቅሁም። ሰፈራችን ቦሌ አራብሳ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሲነጋ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ብርድ ነው፣ ብሮንካይት ነው ተብሎ አንቲባዮቲክና የሳል ሽሮፕ ተሰጣት። ከሳምንት በኋላ ጫማዋ እምቢ አላት፤ እግሯ አብጦ። ትልቅ ሆስፒታል የሄድነው፣ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ የተነሳችው፣ "የልብ ድካም" የሚለውን ቃል የሰማነውም ያኔ ነው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነን። በነዚህ ዓመታት ሐኪሞቿን እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ፣ በክትትል ቀን ወረፋ ላይ ከሌሎች ታማሚዎች እየሰማሁ የገባኝን ነው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት የሚያዘው፣ መጠን የሚቀይረው ሐኪማችሁ ነው። ግን እዚያ ወረፋ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ ያንገበግበኛል። ሰው የምታሸናዋን ክኒን አጥብቆ ይይዛል፤ ዕድሜ የሚጨምሩለትን ግን ይጥላቸዋል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለማስረዳት ከራሱ ከልቡ ልጀምር።

ስሙ ሲሰማ ያስደነግጣል። እናቴ "በቃ ልቤ ሊቆም ነው" ነበር ያለችው። የልብ ድካም ማለት ግን ልብ እየሠራ፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው ነው። ጤነኛ ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ቁጭ ባልንበት እንኳ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ያዞራል፤ ደረጃ ስንወጣ ደግሞ ከዚህ በጣም ይጨምራል። የደከመ ልብ መጀመሪያ የሚያጣው ይቺን መጨመሪያ አቅም ነው። ሶፋ ላይ ደህና የሆነ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ምድር ላይ የውሃ ገንዳ አለ። ጣራ ላይ ሮቶ አለ። መሀል ላይ ዲናሞ አለ። ዲናሞው ሲደክም ሁለት ነገር ባንዴ ይመጣል፦ ላይ ያሉት ቧንቧቸው ይደርቃል፣ ታች ደግሞ ገንዳው ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። ልብም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ወደ ፊት መገፋት የነበረበት ደም ለጡንቻ፣ ለአንጎል፣ ለኩላሊት ይጎድላል፤ ድካሙ፣ ማዞሩ፣ የእጅ እግር መቀዝቀዙ ከዚያ ነው። ወደ ኋላ ከተጠራቀመው ደም ደግሞ ውሃው ከደም ሥር እየሾለከ ይወጣል። በግራ በኩል ከተጠራቀመ ወደ ሳንባ ይገባል። በቀኝ በኩል ከሆነ እግር ያብጣል፣ ጉበት ይጨናነቃል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሁለት ጉርሻ ሳይበላ ጥግብ ይላል። ሲጋደሙ ደግሞ ቀን እግር ውስጥ የዋለው ፈሳሽ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያ የደከመ ልብ ያን ሁሉ መግፋት ስለማይችል ሳንባ ውስጥ ይተኛል። እናቴ ስጋደም ያፍነኛል ያለችው ይሄን ነበር። ሐኪሞች "በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?" የሚሉት ጥያቄም ተራ ጨዋታ አይደለም፤ ከአንድ ትራስ ወደ ሦስት መውጣት ትልቅ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የግቢውን ዘበኛ አስቡት። ላይ ያሉት "ውሃ የለም!" ብለው ይጮኹበታል። እሱ ዲናሞው መድከሙን አያውቅም፤ ውሃ ያነሰ ይመስለዋል። ስለዚህ የመንገዱን ቧንቧ አምርሮ ይከፍትና ሞልቶ በሚፈሰው ገንዳ ላይ ጨምሮ ይለቅበታል። ክፋት የለበትም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ግቢው ግን ባሰበት።

ይሄ ዘበኛ ኩላሊታችን ነው። የሚደርሰው ደም ሲያንስበት ሰውየው የደማ ወይም በውሃ ጥም የተጎዳ ይመስለዋል። ጨው እንዳይወጣ ይይዛል፤ ጨው ደግሞ ውሃን ይዞ ያስቀራል። የደም ሥርን የሚያጠብቡ ሆርሞኖችም ይለቀቃሉ፤ ልቡ አሁን በጠበበ ቱቦ ውስጥ ነው የሚገፋው። በዚህ ላይ አድሬናሊን ይመጣና ልቡን ሩጥ ሩጥ እያለ ይነዳዋል። ለጥቂት ቀን ይሄ ሁሉ ያግዛል፤ ለወራት ሲቀጥል ግን የልብ ግድግዳ ይለጠጣል፣ ጠባሳ ይይዛል፣ ልቡ እየሰፋ ጉልበቱ እያነሰ ይሄዳል። ሰውነት ሊረዳው ብሎ ነው የሚያደቀው። የልብ ድካም ሕክምና ማለት በአብዛኛው ይሄን የተሳሳተ እርዳታ ማስቆም ነው። ይቺን የያዘ ሰው መድኃኒቶቹን ሁሉ ይረዳቸዋል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ልብን መጀመሪያ ምን ያደክመዋል? የእናቴ ግፊት ነው። ለዓመታት ደም ግፊት ነበረባት፤ ራሷን ሲያማት ብቻ ነበር ክኒን የምትወስደው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ እዚያም ቀዳሚው ምክንያት ደም ግፊት ነው። የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ ስንት ነበር? 52 ዓመት። በሀብታም አገሮች ይሄ የ70 ዓመት ሽማግሌ በሽታ ነው፤ እኛ ጋ ገና ልጅ የሚያሳድገውን፣ ሠርቶ ቤት የሚያስተዳድረውን ሰው ነው የሚጥለው።

ከዚያም ያነሱ አሉ። ክትትል ክፍሉ ውስጥ የዩኒፎርም ሹራብ የለበሱ ልጆች አያለሁ። የነሱ ብዙውን ጊዜ ከጉሮሮ ቁስል ይጀምራል። ቶንሲል የምንለው በባክቴሪያ የመጣ ከሆነና በደንብ ካልታከመ፣ አንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የገዛ ልባቸውን በር ያጠቃል። የልብ በሮች፣ ቫልቭ የሚባሉት፣ እየጠበቡ ወይም እያፈሰሱ ይሄዳሉ። ልጁ ከዓመታት በኋላ ኳስ መጫወት ሲያቅተው፣ ሴቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስታረግዝ ነው የሚታወቀው። ለነዚህ ልጆች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በሽታው ተመልሶ በሩን ጨርሶ እንዳያበላሸው ነው። ያማል፤ ልጆቹ ይጠሉታል። እባካችሁ አታስቀሩባቸው። በሩ በጣም ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት ልብ ሕሙማን ማዕከል በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚሠራው እንዲህ ላሉት ልጆች ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው። ለልጃችሁ ጉሮሮ ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ከዚያ ወረፋ ያድናል።

ሌሎችም መንስኤዎች አሉ፦ የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ ስኳር፣ ብዙ አረቄ፣ የእንቅርት በሽታ፣ ከባድ ደም ማነስ። አንዷን ግን ሳላነሳ አላልፍም። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት የሚመጣ የልብ ድካም አለ። የአራስ እግር ሲያብጥ፣ ስትጋደም ሲያፍናት፣ "የወሊድ ድካም ነው፣ ገንፎ ትብላ" እየተባለ ጊዜ ይሄዳል። ቶሎ ከተደረሰላቸው ብዙዎቹ ያገግማሉ። አራስ ቤት ስትጠይቁ ልጁን ብቻ አትዩ፤ እናቲቱ ተጋድማ ነው የምትተኛው ወይስ ተደግፋ? እሱንም ጠይቁ።

ኢኮ ላይ ስለምትወጣዋ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰች ቁጥር ናት። እናቴ መጀመሪያ ስትነሳ 30 በመቶ ተባለ። ወንድሜ ስልክ ላይ "ልቧ 30 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚሠራው አሉ" ብሎ ለዘመድ ሁሉ ደወለ፤ ከሰንዳፋ አክስቶቼ እያለቀሱ መጡ። እንደዚያ ማለት አይደለም። ቁጥሯ የምትለው ልብ በአንድ ምት ውስጡ ካለው ደም ስንት እጁን ይገፋል ነው። ጤነኛ ልብም ሁሉንም አይገፋም፤ ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው የሚገፋው። ስለዚህ 30 ሲባል ከመቶ ሳይሆን ከስልሳ ጋ ነው የሚተያየው። ዝቅተኛ ነው፣ ቀልድ አይደለም፤ ግን ሞት አይደለም፣ ደግሞም በመድኃኒት ይነሳል። የእናቴ ከዓመት በኋላ 44 ገባ። ሌላ ዓይነትም አለ፦ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልቡ ደንድኖ በደንብ የማይላላና የማይሞላ። ለዓመታት ግፊት የነበረባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ምልክቱ አንድ ነው፣ የመድኃኒቱ አመራረጥ ግን ይለያል፤ ስለዚህ የጎረቤታችሁን ክኒን አትዋሱ።

አሁን ክኒኖቹ።

ላሲክስን ሁሉም ያውቃታል፤ ፍሮሴማይድ ነው ስሟ። ኩላሊት ጨውና ውሃውን እንዲለቅ ታስገድደዋለች። ውጤቷ በዓይን ይታያል፤ ጠዋት ትዋጣለች፣ እስከ እኩለ ቀን ሽንት ቤት ታመላልሳለች፣ በሳምንት ውስጥ እግር ይጎድላል፣ ሰው ተጋድሞ ይተኛል። እናቴ "ያዳነችኝ እሷ ናት" ትላለች። ነፍስ ትመልሳለች፣ እውነት ነው። ግን ላሲክስ የምታደርገው ግቢውን ያጥለቀለቀውን ውሃ መቅዳት ነው። ዲናሞውን አትጠግንም፣ ዘበኛውንም አታስቆምም። ለብቻዋ ዕድሜ እንደምትጨምር ያሳየ ትልቅ ጥናት የለም።

ዘበኛውን የሚያስቆሙት ሌሎቹ ናቸው። ዝምተኞቹ። ሲወሰዱ ምንም አይሰማም፣ ምንም አይታይም። ኢናላፕሪል ያንን ደም ሥር የሚያጠብበውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ የጠበበው ቱቦ ይላላል፣ ልቡ ቀለል ይለዋል። ሎሳርታንና ቫልሳርታንም በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት። ሜቶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል ወይም ቢሶፕሮሎል ደግሞ አድሬናሊኑን ያረግባሉ፤ ልብ ረጋ ብሎ እንዲመታ፣ በየምቱ መሀል እንዲያርፍ ያደርጉታል። ስፓይሮኖላክቶን ጨው እንዲያዝ የሚያዘውን ሌላውን ሆርሞን ይከለክላል፣ ጠባሳውንም ይቀንሳል። አራተኞቹ ለስኳር በሽታ የተሠሩት ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ናቸው፤ ስኳር ለሌለበት የልብ ታማሚም እንደሚጠቅሙ የታወቀው በቅርብ ዓመታት ነው።

ዝምተኞቹ ምን ያህል ይሠራሉ? እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታተሙ። አንዱ ከባድ የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች ከሌላው መድኃኒታቸው ጋ ስፓይሮኖላክቶን ሲጨመር ሞት በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ሌላው ወደ 4,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሜቶፕሮሎልን ሞክሮ በ34 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። እነዚህ አዲስ የወጡ ብርቅ መድኃኒቶች አይደሉም፤ ከነማ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዘን የምንገዛቸው ናቸው። ክትትል ክፍሉ ውስጥ ግን "ላሲክሴን አላቋርጥም፣ ሌሎቹ ምንም ስላልሠሩልኝ ትቻቸዋለሁ" የሚል ሰው በየወሩ እሰማለሁ። ልቤ ይሰበራል።

እናቴም አድርጋዋለች። ሰባተኛው ወር ላይ እግሯ ጎድሎ፣ እንቅልፏ ተመልሶ፣ ገበያ ደርሳ መምጣት ጀምራ ነበር። ሁዳዴ ገባ። የጠዋቱን ክኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋችው፣ ከዚያ አንድ ቀን ረሳችው፣ ከዚያ "ድኛለሁ፣ ለምን ኬሚካል እበላለሁ" አለችና ላሲክሷን ብቻ እየወሰደች ሌሎቹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ለእኛ አልነገረችንም። ፋሲካ ሳይደርስ በአምቡላንስ ገባች።

ሐኪሟ አልተቆጣትም። "እማማ፣ ደህና የሆኑት እኮ ስለሚውጧቸው ነው" ነው ያላት። እንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ጥናት ይሄንኑ ነው የሚለው፤ በመድኃኒት ልባቸው ያገገመ፣ ኢኮአቸው ጤነኛ የሆነ 51 ሰዎችን ወስደው ለ25ቱ ቀስ በቀስ አስቆሟቸው። በስድስት ወር ውስጥ 11ዱ ላይ ድካሙ ተመለሰ። መድኃኒቱን ከቀጠሉት አንድም ሰው ላይ አልተመለሰም። ያውም እነዚያ በየጊዜው እየተመረመሩ ነው ያቆሙት፤ እኛ ግን መሳቢያ ውስጥ ደብቀን ነው የምናቆመው።

ስለ ጾሙ የነፍስ አባቷን ጠየቅን። ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አይሽርም አሏት፤ በእፎይታ አለቀሰች። ጸበልም እንዲሁ ነው። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉንም ክኒኑንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ለልብ መድኃኒትም የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ጸበል ቦታ ለሳምንታት የምትቀመጡ ከሆነ ክኒናችሁን ቆጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር መጠጣቱን ግን አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩበት፤ ያ ውሃ የሚገባው ሞልቶ በሚፈሰው ገንዳ ላይ ነው።

እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው፤ ሳይነገራቸው ቀርቶ ነው ብዙዎች የሚያቆሙት። ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ሲጀመሩ ለጥቂት ሳምንታት ይባስ ሊያደክሙ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከትንሽ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የሚጨመረው። ያ ድካም ያልፋል፤ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፤ ለሐኪሙ ብትነግሩ ወደ ሎሳርታን ወይም ቫልሳርታን ይቀየርላችኋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካሳበጠ ግን ክኒኑን እንዳትደግሙ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ልትወልድ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ኢናላፕሪልም ሆነ ሎሳርታን ጽንሱን ስለሚጎዱ ከሐኪሟ ጋ ሳትነጋገር እንዳትወስድ። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል አብረው ሲሆኑ ደም ውስጥ ፖታሲየም ሊጨምሩ ይችላሉ፤ በየጊዜው የሚታዘዘው የደም ምርመራ ለዚያ ነው፣ ብር ለመብላት አይደለም። ስፓይሮኖላክቶን ወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ አማራጭ አለ።

አንድ የተደበቀ ጠላት አለ፦ የጉልበትና የወገብ ማስታገሻ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ለልብ ድካም ታማሚ አይሆኑም። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል።

ይሄን ያስተማረን ሚዛን ነው። ታክሲ ተራችን ጋ ሚዛን ዘርግቶ በሳንቲም የሚመዝን አንድ ልጅ ነበር። ሐኪሟ በየቀኑ ተመዘኚ ሲሏት መጀመሪያ እሱ ጋ ነበር የምንሄደው፤ በኋላ ደረጃው ስለከበዳት የቤት ሚዛን ገዛን። ጠዋት፣ ሽንቷን ሸንታ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በዚያችው የቤት ቀሚስ ትቆማለች። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ላይ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። ለምን በየቀኑ? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው አልወፈረም፤ ውሃ ነው የያዘው። ክብደት የሚጨምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግር ሳያብጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥር ነው፤ ቀድሞ ይናገራል። አንድ ጥቅምት 63.2 የነበረችው በአራተኛው ቀን 65.6 ሆነች። ጨው አልበላሁም አለች። ክኒኗም አልጎደለም። ቦርሳዋን ስፈትሽ ግን ለጉልበቷ ከጓደኛዋ የወሰደችው ዲክሎፌናክ ተገኘ። ያንኑ ቀን ለሐኪሟ ደወልን፣ ቆመ፣ ላሲክሷ ለጥቂት ቀን ተጨመረላት፣ ሆስፒታል ሳትተኛ ተመለሰች።

የእግር እብጠትንም በአውራ ጣት ይዩት። የቁርጭምጭሚት አጥንቷ አካባቢ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ ስለቅቅ ጉድጓዷ ሳትመለስ ከቆየች ውሃ አለ። ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት ነው የምትመስለው።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ቤት ጦርነቱ እዚያ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ። ሁላችንም ጨው ቀንሰናል ብለን እናምን ነበር፤ ወጥ ውስጥ አንጨምርም። ከዚያ እናቴ ራሷ አንድ ቀን ቆም ብላ "ልጄ፣ ሽሮው እኮ ሲፈጭ ጨው አለበት" አለች። በርበሬውም አለበት። ሚጥሚጣውም። ከወፍጮ ቤት ሲመጣ ጀምሮ ጨው በልተን ነው የምንጀምረው! አሁን የእሷን ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ለብቻው እናስፈጫለን፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ በዛ ይደረግበታል። የመጀመሪያው ወር አፈር አፈር አለኝ ብላ ነበር፤ ምላስ ግን ይለምዳል፣ አሁን የሰው ቤት ወጥ ነው ጨው ጨው የሚላት። በጨው ፋንታ የሚሸጡ "ጤናማ ጨው" የሚባሉት ፖታሲየም ስላለባቸው ከስፓይሮኖላክቶን ጋ አደጋ ናቸው፤ አትግዙ።

የሽንቷ ክኒን መንገድ ላይ ታስቸግራለች። ከአራብሳ መገናኛ ደርሶ ለሚመለስ፣ ወይም ለቅሶ ለሚቀመጥ ሰው ሽንት ቤት ከየት ይመጣል? ብዙዎች በዚህ ምክንያት ብቻ ያንን ቀን ይዘሉታል። እናቴ መዝለል ሳይሆን ማዘግየት እንደምትችል ሐኪሟ ነግረዋታል፤ ከመንገድ ስትመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ትወስዳታለች። ማታ ከሆነ እንቅልፍ አይኖርም። የእናንተን ሐኪም ጠይቁ፤ ያፍራሉ ብላችሁ አታስቡ፣ የሽንት ነገር የሥራቸው ጉዳይ ነው።

እንቅስቃሴን አትፍሩት። ድሮ አልጋ ላይ ዋሉ ይባል ነበር። አሁን የተረጋጋ ታማሚ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ፣ እያወራ መራመድ እስከሚችል ድረስ በየቀኑ እንዲራመድ ነው የሚመከረው፤ ጡንቻ ሲጠነክር ለልቡ ይቀለዋል። ሲጋራ ይቁም። ጫትም የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። ተቅማጥና ትውከት ከያዛችሁ ደግሞ ቶሎ ደውሉ፤ ውሃ እየወጣ ላሲክስና ኢናላፕሪል መቀጠል ኩላሊት ይጎዳል።

ቶሎ ደውሉ ወይም ሂዱ ካልኩትና በጥቂት ቀን ክብደት ከመጨመር በቀር፣ ሌላው ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠብቅ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይጠብቀው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር፣ አረፋ ያለው ወይም ቀላ ያለ አክታ፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር። ያኔ ታክሲ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስኪመጣ ቁጭ አድርጓቸው፣ እግራቸውን ወደ ታች ለቀቅ ያድርጉ፤ አታስተኟቸው።

እናቴ አሁን ደረጃ ትወጣለች። ቀስ ብላ። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንድ ጎረቤታችን ዱካ አስቀምጦላታል፤ እዚያ ትቀመጥና ከሚወጣ ከሚወርደው ጋ ትጫወታለች። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ከታች ፎቅ የምትኖረው ሴት ባሏ ሰሞኑን ማታ ማታ እንደሚያስለው፣ ብርድ እንደመታው ስታወራ ነበር። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

"አንቺ፣ ባልሽ በስንት ትራስ ነው የሚተኛው?"

ሴትየዋ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። "ሦስት" አለች፣ "ኧረ አሁንስ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው።"

ሰኞ ጠዋት አብረን ወሰድነው።